የኩላሊት ሰላምታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የኦፕራሲዮን ክፍል ጓደኞቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ በላዩ ላይ አንድ ሐሜት ጨመሩልኝ። ንግግሩን ያደረገው ወጣቱ ሰርጂናችን ነው። «ሲስተር ዘነበች መቀስ የምትሰጠው ለሚጸልይ ሐኪም ብቻ ነው» አለና አዳራሹን አሳቀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ሆድ ተከፍቶ ከውስጡ ምንም ነገር ከመቆረጡ በፊት፣ ሐኪሙ እጁን ወደ ግራ ጎን፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ጎን ሰድዶ ሁለቱን ኩላሊቶች በመዳፉ ይዳስሳል። ዳስሶም ጮክ ብሎ «ግራ አለች፣ ቀኝ አለች» ይለኛል። ካላለኝ፣ ደም የሚያጣድፍ ካልሆነ በቀር፣ እኔ ዘነበች መቀስም የደም ሥር መቆንጠጫ ክላምፕም ከእጄ አላወጣም። ፕሮፌሰርም ቢሆን! አንዱ ተቆጥቶ «ሴትዮ፣ በአልትራሳውንድ ታይታ የለም እንዴ?» ቢለኝ «ታይታለች ጌታዬ፤ እስቲ እርስዎም ሰላም ይበሏት» ብዬዋለሁ።

«የሲስተር ሰላምታ» ብለው ስም አወጡለት። የሃይማኖት ነገር ይመስላቸዋል። ማንም ከየት አመጣሽው ብሎ ስላልጠየቀኝ ሳልነግራቸው ኖርኩ፤ አሁን ቤት ስውል ግን ያንገበግበኛል። ሰላምታው የእኔ አይደለም። የዶክተር ሰይፉና የአሪየት ነው።

ጋምቤላ የተመደብኩት ክልሉ ክልል በሆነ ማግስት ነው። ከደብረ ማርቆስ ስነሣ እናቴ «ወንዙ ግማሹን ይበላል፣ ወባው የተረፈውን ይበላል» ብላ አልቅሳ ሸኘችኝ። ስደርስ የየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ቀለም ገና አልደረቀም። ትናንት ጸሐፊ የነበረው ዛሬ ኃላፊ ነው፤ ትናንት ኃላፊ የነበረው ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ይጠብቃል። ደመወዝ ሲዘገይ «ክረምት ነው፣ መንገድ ተዘጋ» ይሉናል፤ በበጋም ይዘገያል። ከእኛ ከደገኞቹ ገሚሱ ዝውውር እየጠየቀ ሄደ። «እዚህ አገር የእኛ ቦታ አይደለም» ይሉኝ ነበር ሲሰናበቱኝ። እኔ ቀረሁ፤ ጀግና ሆኜ ሳይሆን እንደ ዶክተር ሰይፉ ያለ አስተማሪ ሌላ ቦታ እንደማላገኝ ስለገባኝ ነው።

የሠራሁባት ቤት ዛሬ የለችም። ባሮ ዳር የነበረች የድሮ ነጋዴ ዕቃ ማከማቻ ናት፤ የሆኑ ለጋሾች ጠጋግነዋት ለጥቂት ጊዜ የቀዶ ሕክምና ጣቢያ ሆነች። ስሟ ግን «መጋዘኑ» እንደተባለ ቀረ። በቀትር ቆርቆሮዋ ሲንጣጣ ከሥሯ የተኛው በሽተኛ በሰመመን ውስጥ ሆኖ እንኳ የሚባንን ይመስለኝ ነበር። ዶክተር ሰይፉ ላቡ ቁስል ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በፎጣ ጠምጥሞ ያስራል። ቀጭን፣ ጢማም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። እኔን «ዘነቡ» ይለኛል፤ ሲቆጣ ደግሞ «ወይዘሮ ዘነበች»።

ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። መሣሪያ እንዴት እንደሚሰጥ እንኳ አላውቅም ነበር። «እጄን ስዘረጋ ቀና ብዬ አላይሽም፤ እጄ ራሷ ማወቅ አለባት» ይለኛል። ክላምፑን ጠማማው አፉ ወደ ውስጥ እንዲዞር አድርጌ መዳፉ ላይ ጠብ! ማድረግ ነው፤ ድምፁ ካልተሰማ «ይህ ስጦታ ነው ወይስ ስርቆት?» ይለኛል። ክር ስቋጥር «አትጎትቺው፣ ክሩ ራሱ ይሂድ፤ ሥጋ ነው የምታስሪው፣ አህያ አይደለም» ይለኛል። እኔም አፌ አያርፍ፣ «አህያማ ቢሆን በደንብ አስር ነበር» እለዋለሁ።

ከልማዶቹ ሁሉ ግን አንዱን ሌላ ሐኪም ዘንድ አላየሁትም። ኦፕራሲዮኑን ጨርሶ ሆድ ሊዘጋ ሲል መርፌውን ስሰጠው «ቆይ፣ ሳንሰናበት?» ይላል። ከዚያ እጁን አስገብቶ ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ ሁለቱን ኩላሊቶች አንድ በአንድ ይዳስሳል። «በሰው ቤት ገብተን ዕቃ አንሥተን ስንወጣ፣ ለቀሩት ቤተሰቦች ደህና ሁኑ እንኳ አንልም?» ይላል። እኛ እንስቃለን። ልብ በሉ፣ ሰላምታው ያን ጊዜ የመሰናበቻ ሰላምታ ነበር።

በዚህ ስንብት ብዙ ነገር አግኝቷል። ከዲማ አንድ ወርቅ ቆፋሪ የጨጓራ ቁስሉ ተበስቶ በጭነት መኪና መጣልን። ዶክተር ቀዳዳውን ደፈነና ሊሰናበት እጁን ቢሰድ፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ከታች ተጋጥመው አንድ ሆነው አገኛቸው፤ ልክ እንደ ፈረስ ጫማ። ደስታው ወሰን አጣ። ሰውየው ሲነቃ «ወዳጄ፣ ነገ ተነገወዲያ ሌላ ሐኪም ይህን መጋጠሚያ እጢ ነው ብሎ እንዳይቆርጥብህ፤ አፈጣጠርህ ነው በለው» አለው። ቆፋሪው በደከመ ድምፅ «የፈረስ ጫማ ካለኝማ ያን ሁሉ መንገድ ለምን በመኪና ተንገላታሁ?» አይል መሰላችሁ! ድሬሰራችን ኦሞት ሳቁ አላቆም ብሎት ከክፍሉ ወጣ።

ኦሞት አኝዋክ ነው፤ ቁስል አጣቢያችንም አስተርጓሚያችንም እሱ ነበር። ያን ዕለት ማንጎው ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ዶክተር በእንጨት አሸዋ ላይ እየሣለ የኩላሊትን አፈጣጠር አስተማረን። ጽንስ ኩላሊት የሚሠራው ሦስት ጊዜ ነው አለን። የመጀመሪያዋ አንገቱ አካባቢ ብቅ ትልና ሳትሠራ ትጠፋለች። ሁለተኛዋ ጥቂት አገልግላ ትከስማለች። ዕድሜ ልክ የምትኖረው ሦስተኛዋ ናት፤ እሷም የምትጀምረው ከታች ከዳሌው ውስጥ ነው። ጽንሱ ሲያድግ ወደ ላይ ትወጣለች፤ የታችኛውን የደም ሥር እየለቀቀች የላይኛውን እየያዘች የጎድን አጥንት ሥር ትደርሳለች። «እኔ ዛፍ ላይ ስወጣ እንደማደርገው» አለ ኦሞት። «እንደዚያው፤ አንዳንዷ ግን መንገድ ላይ ትቀራለች» አለው ዶክተር።

መንገድ ላይ መቅረት ብቻም አይደለም፤ ጭራሽ አለመፈጠርም አለ። ከፑኝዶ የመጣች ሴት ሽርት ውሃ ሳይኖራት የወለደችው ሕፃን ነበር፤ ፊቱ የተጨፈለቀ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ትንፋሽ ለመሳብ የሚታገል። በእጄ ላይ አረፈ። እናቱ «ውሃዬን ማን ጠጣብኝ?» እያለች ታለቅስ ነበር። ዶክተር አጠገቧ ቁጭ ብሎ በአስተርጓሚ ነገራት፦ ልጅ በሆድ ውስጥ የሚዋኝበት ውሃ የራሱ ሽንት ነው፤ ኩላሊት ካልተፈጠረለት ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ሳንባው አያድግም። ማንም አልጠጣብሽም አላት። ያን የመሰለ ነገር ለእናት ሲነገር የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ቢያንስ ጎረቤቷን አልረገመችም።

እንዲህ አድርጎ በሚያውቅ ሰው ላይ ነው ያ ነገር የመጣው።

አሪየትን የማውቃት ከገበያ ነው። ዓሣ ሻጭ ናት፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሳቂታ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ሁሉንም ሰው «አንተ» ትላለች። «ሲስተር፣ ትልቁን ዓሣ ውሰድ! አንተ ደገኛ፣ አጥንት ትፈራለህ» ትለኛለች። «ኧረ ወንድ አደረግሽኝ!» ስላት «ወንድ ነህ፤ ሰው ሆድ ትከፍታለህ» ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን ሳትስቅ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛ እምብርቷ ሥር አስቀመጠችው። ቡጢ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። «ይሄ ድንጋይ ነው ልጅ የከለከለኝ። ለዶክተር ንገር፤ ያውጣው» አለችኝ።

የወር አበባ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ካገባች ቆይታለች፣ ልጅ የለም። ባሏ ኡጁሉ ይወዳታል፤ አጎቶቹ ግን ሌላ ናቸው። በአኝዋክ ልማድ ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጠው ድሙይ የሚሉት የጥንት ሰማያዊ ዶቃ ነው። እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ከቤት ወደ ቤት ነው የሚዞረው። በአሪየት የመጣውን ዶቃ ወንድሟ ኡኬሎ ሚስት አግብቶበታል፣ ወልዶበታልም። አሪየት ካልወለደች የኡጁሉ አጎቶች ዶቃችን ይመለስ ሊሉ ነው። ዶቃው ከተመለሰ ደግሞ የኡኬሎ ቤት ይፈርሳል። «በእኔ ሆድ ምክንያት ወንድሜ ሚስቱን ያጣል» አለች። የመጣችው ለራሷ አልነበረም።

ዶክተር መረመራትና የእንቁላል ማፍሪያ እጢ ሳይሆን አይቀርም አለ። ያኔ አልትራሳውንድ የለንም። «ጅማ ልኬሽ ቀለም ተወግተሽ ራጅ ብትነሺ እመርጣለሁ» አላት። ኦሞት ሲተረጉምላት ብድግ አለች። የአጎቶቹ ሽምግልና ሊቀመጥ ነው፤ አሁን ከከተማ ከወጣች ሸሸች ይባላል። ለምናው ለምናው በመጨረሻ እግሩ ላይ ወደቀች። ዶክተር ሰው እግሩ ላይ ሲወድቅ አይችልም። «ተነሺ፣ ተነሺ እናቴ። እንከፍተዋለን» አለ።

ጠዋት ነበር፣ ጥሩ ብርሃን አለ። ሆዷ ተከፈተ። እጢው ከጀርባዋ ሽፋን ሥር ተደብቆ ተገኘ፣ ላዩ ልሙጥ የሆነ፣ የበሰለ ሥጋ ቀለም ያለው። ማሕፀኗን ፈለገ፤ አልታየውም። «እጢው ገፍቶት ይሆናል» አለ። ሽፋኑን ገልጦ ሥሮቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ከዚያም ከዚህም የሚመጡ ወፍራም የደም ሥሮች ናቸው። «ይቺ ነገር ደም ትወዳለች» አለ። ክላምፕ ሰጠሁት፣ ጠብ! መቀስ ሰጠሁት፣ ጠብ! ክር ሰጠሁት። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነበር! አንድ የቁስል ጎዝ የሚያርስ ደም እንኳ አልፈሰሰም። አውጥቶ ሳህን ላይ አኖረልኝ፤ ክብደቷን እጄ ዛሬም ያስታውሳል።

መርፌውን ስሰጠው እንደ ልማዱ «ቆይ፣ ሳንሰናበት?» አለና እጁን ሰደደ። ጉበት። ጣፊያ። ግራ ጎን። ቆመ። ወደ ቀኝ ጎን አሳለፈ። ቆመ። እንደገና ወደ ግራ ተመለሰ። ፎጣውን አልፎ ላቡ ሲወርድ አየሁ። ዓይኑን ከሆዷ አንሥቶ ሳህኑ ላይ ተከለ።

«ዘነቡ» አለኝ፣ «ሽንት አለ?»

ጎንበስ ብዬ የሽንት ከረጢቱን አየሁ። ቀድሞ የወረደው አለ። የሚጨመር ጠብታ የለም። ሳህኑን ሳብ አድርጎ ያወጣትን ነገር በምላጭ ሰነጠቃት። ውስጧ እንደ አበባ ተከፈተ፣ ነጭ የሽንት ማጠራቀሚያዋ ታየ። ኩላሊት ናት። ከዳሌ ሳትወጣ የቀረች፣ ብቻዋን የሁለቱን ሥራ የምትሠራ ኩላሊት። ማሕፀኗም አልተገፋም፤ አልተፈጠረም ነበር። ኩላሊትና ማሕፀን በጽንስ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲስት ሌላውም አብሮ ይስታል። ይህን ያስተማረን ራሱ ነው፤ ማንጎው ሥር።

«ጤነኛ ናት» አለ። «ምንም አልነበረባትም።» ከዚያ ሆዷን ሰፋ። የዚያን ዕለቱን ያህል በጥንቃቄ የተሰፋ ስፌት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

መልሶ ለመትከል እንኳን መጋዘኑ፣ በዚያን ዘመን የት ይኬዳል? በሬዲዮ አዲስ አበባ ጠየቀ፤ መልሱ «አዝናለሁ» የሚል ነበር። በሆዷ ቱቦ አስገብቶ የግሉኮስ ውሃ እየሞላ እያወጣ ደሟን ሊያጥብላት ሞከረ። ያ ጥቂት ቀን ገዛላት። እኔ እየሄድኩ የሽንት ከረጢቱን አያለሁ። ደረቅ። እንደገና አያለሁ። ደረቅ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እግሬ ይወስደኛል።

ኦሞት ዶክተርን በረንዳ ላይ ያዘው። «ዶክተር፣ ኦፕራሲዮኑ አልሰመረም በል፤ ይበቃል። ወቅቱን ታውቃለህ። ደገኛ ሐኪም የአኝዋክ ሴት ገደለ ከተባለ አንተም አትተርፍ፣ ይቺ ቤትም አትተርፍ» አለው። እኔም ኦሞትን ደገፍኩ። ለሱ ፈርቼ ነው፤ ለራሴም ፈርቼ ነው። ዶክተር ሁለታችንንም እያየ «የሷ ሆድ ነው እኮ» አለ።

ሽማግሌዎቹም አጎቶቹም ኡጁሉም ኡኬሎም መጡ። አሪየት ፊቷ አብጦ ምንጣፍ ላይ ማንጎው ሥር ተኝታለች፤ ክፍል ውስጥ አልሞትም ብላ ነው። ዶክተር መሬት ቁጭ ብሎ ያንኑ ሥዕል አሸዋው ላይ ሣለ። ኩላሊት ከታች ተነሥታ እንዴት እንደምትወጣ፣ የአሪየት እንዴት ታች እንደቀረች፣ ማሕፀን እንዴት ሳይፈጠርላት እንደተወለደች አስረዳ። ኦሞት ይተረጉማል። «ይህችን ሴት ልጅ የከለከላት ማንም አይደለም። እርግማንም አይደለም። በእናቷ ሆድ ሳለች የሆነ ነው» አለ። ከዚያ «የገደልኳት ግን እኔ ነኝ» አለ። ኦሞት ይህን ሊተረጉም አፉ አልታዘዘለትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በራሱ አማርኛ «ሰምተናል» አለው።

ዱላ የሚያነሣ ሰው ጠብቄ ነበር፤ የተነሣው ኡጁሉ ነው። ለአጎቶቹ በአኝዋክኛ ተናገረና ተቀመጠ። ኦሞት በሹክሹክታ ነገረን፦ «ዶቃውን አልፈልግም ይላል። እሷ ቢላዋ ሥር የተኛችው ለዶቃው ነው፤ እኔ ያንን ዶቃ አንገት ላይ አይቼ እንዴት እኖራለሁ ይላል።» አጎቶቹ አጉረመረሙ፣ ሽማግሌዎቹ ግን ተቀበሉት። ኡኬሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

አሪየት ሰምታለች። ዶክተርን በእጇ ጠራችው። «አንተ፣ የወንድሜ ቤት ቆመ?» አለችው።

«ቆመ፣ አሪየት።»

«የእኔን ሥጋ የት አደረግህ?»

ለማስተማሪያ ብሎ በመድኃኒት ውሃ በጠርሙስ አኑሯት ነበር። ነገራት። «መልስ። አብራኝ ትቀበር። ታች አድርጋት፣ የነበረችበት። እዚያ ጥሩ ነበረች» አለችው። በማግስቱ አረፈች። እንደ ቃሏ ኩላሊቷን በነጭ ጎዝ የጠቀለልኳት እኔ ነኝ፤ ቦታዋ ላይ ያኖራት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ቀልድ አቆመ። አንድ ጠዋት ልንጀምር ስንል ግን መቀስ ላቀብለው ስል እጁን አልዘረጋም። «እንግዳ ሰላም የሚለው ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ?» አለኝ። «ሲገባ ነው» አልኩት። «እኔ ስወጣ ነበር የምለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታው ከመቀስ በፊት ሆነ። «ሰላም ሳልል መቀስ እንዳትሰጪኝ» ብሎ አስማለኝ። ብዙም ሳይቆይ መጋዘኑ ተዘጋ፣ እኔ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወርኩ፣ እሱ ምላጭ መያዙን ጨርሶ ተወ። ወይ ነዶ! እንዲያ ያለ እጅ!

ጡረታዬ ሊደርስ ሲል ጅማ ሄጄ አገኘሁት። ትንሽ መድኃኒት ቤት አለው፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ተቃቅፈን ቆየን። ሻይ አስመጣና «አሁንም ሰላም ትላላችሁ?» አለኝ።

«እንላለን።»

«መቼ?»

«ስንገባ ነዋ፣ ዶክተር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጠቅሞ ያውቃል?»

አንድ ጊዜ ጠቅሟል አልኩት። አንዲት ልጃገረድ ናት፤ ሆዷ ተከፍቶ ሐኪሙ እጁን ሰዶ ግራ የለችም፣ ቀኝም የለችም አለ። መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ታች ያለውን እጢ ያሉትን ነገር ሳይነካ ሆዷን መልሶ ሰፋ። በሳምንቱ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዶክተር ዓይኑ እንባ ሞላ። «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ በጉጉት።

ላስታውስ ሞከርኩ። ፊቷ ትዝ ይለኛል፣ ስሟን ግን በፍጹም አጣሁት። ሥራ በዝቶ ነበር፣ በሽተኛዋ ድና ሄደች፣ አለቀ። «አላስታውሰውም፣ ዶክተር» አልኩት።

የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መንገዱ ዞረ። «የእኔዋን ግን ታስታውሻለሽ» አለ።

ስሟን ሁለታችንም እናውቀዋለን።